በጣት የተነበበው ደብዳቤ

ጩማ የተሰነጠቀ ሸምበቆ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ዳገቱን እየሮጠ ወጣ። ሳህሊቱ በአጥሩ ቀዳዳ አየችው። በሸምበቆው ስንጥቅ መካከል ነጭ ነገር ተሰክቷል። ወረቀት ነው፤ ከእጮኛዋ አገር ከበዴሳ ነው! የቀነጠሰችውን ጎመን እንሰቱ ሥር ጣለችና ወደ በሩ በረረች።

«ቁሚ!» አሉ አባቷ፣ ከአዳራሹ ደጃፍ ከተቀመጡበት መደብ ላይ ሆነው። «አንዲት እርምጃ ጨምሪና እግርሽን ነው የምሰብረው!»

ቆመች። ምን ታድርግ? በዚያ ግቢ ሰው ሁሉ መቆም ከለመደ ወር ሊሞላው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስድስት ነው። ሁዳዴ እንደተያዘ ፈንጣጣ በቦዲቲ ገበያ ታየ ተባለ፤ ሳምንት ሳይሞላው ሶዶ ገባ። ያን ጊዜ ከተማው እንዳለ ደጁን ዘጋ። ከሁሉ ቀድመው የዘጉት ግን የሳህሊቱ አባት ግራዝማች ጉልላት ናቸው። ሰው ፈሪ ይላቸው ይሆናል፤ ይበል። ግራዝማች ከወላጆቻቸው ጋር ከመንዝ ወደ ወላይታ ሲመጡ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። በመጡ በሁለተኛው ክረምት ፈንጣጣ አራት ወንድሞቻቸውን በዘጠኝ ቀን ጠርጎ ወሰደ፤ እሳቸውን እናታቸው ጎተራ ውስጥ ደብቀው አተረፏቸው። ከዚያ ወዲህ ጥይት የማይፈሩት ሰውዬ የዚያ በሽታ ስሙ ሲነሣ ያማትባሉ። እናም ወሬውን እንደሰሙ በሩ ላይ የእሾህ ክምር አስጣሉ፤ «የገባ አይወጣም፣ የወጣ አይገባም» ብለው አወጁ፤ ውጅግራ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ደጃፍ ተቀመጡ። በቃ።

ከእሾሁ ማዶ ሆኖ የሚላላከው ጩማ ብቻ ነው። ጩማ የቤቱ ገባር ነው። በልጅነቱ ፈንጣጣ ይዞት ለቆታል፤ ፊቱ ወንፊት ነው። ፈንጣጣ ደግሞ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አይዝም። እናላችሁ ጌቶቹ ሁሉ ታስረው ገባሩ ጩማ እንደልቡ ይሄዳል። ጨው ያመጣል፣ ወሬ ያመጣል፣ ከእሾሁ ማዶ አስቀምጦ ይመለሳል። ሳህሊቱ ዐሥራ ስምንት ዓመት ኖራ በገባር ቀንታ አታውቅም ነበር፤ ያን ወር ቀናች።

ቀኑ አልሄድ አለ። ትናንት ጎመን፣ ዛሬ ጎመን በሚያቃጥል ዳጣ፣ ነገ ደግሞ ያው ጎመን። እናቷ ወይዘሮ አዛለች ያለውን ጥጥ ፈትለው ፈትለው ሲጨርሱ፣ የቀጠነው ድር አልቀጠነም እያሉ እያበላሹ እንደገና ይፈትሉ ጀመር። ከአጥሩ በላይ የዳሞታ ተራራ ራስ ይታያል። ከአጥሩ ማዶ ከጎረቤት ልቅሶ ይሰማል፤ እናትና ልጅ ቁጭ ብለው ማን እንደሞተ በድምፁ ይገምታሉ።

«ይቺ ሰገነት ናት። ባሏ ነው፣ ወየው።»

«አይደለም እማዬ፤ ባሏ ጧት ሲያስል ሰምቼዋለሁ።»

ሲያሳዝን! ሰው ጎረቤቱን መቅበር ቀርቶ እግዜር ያጥናሽ ማለት ያልቻለበት ወር ነበር። አንድ ቀን ወይዘሮ አዛለች ፈራ ተባ እያሉ፣ «ኦቶና ሚሲዮን ያሉት ሐኪሞች ክንድ ጫር እያደረጉ ይከትባሉ አሉ፤ ልጅቷን እንኳ…» ሲሉ፣ ግራዝማች «ከዚህ አጥር ወጥታ? ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ጋር ተጋፍታ?» ብለው ጮኹባቸው። ወሬው በዚያው ቀረ።

ከሁሉ የባሰባቸው ግን አለቃ ተክለጻድቅ ናቸው። ምስኪን፣ የመጡት ለአንድ ቀን ነበር። መቅሠፍት እንዳይገባ ጸሎት ድገሙልን ተብለው መጡ፤ ደገሙ፤ ንፍሮ ቀመሱ፤ መቋሚያቸውን አንሥተው ልሂድ ሲሉ በሩ ተዘግቷል።

«ቤቴ ሚስት አለችኝ!» አሉ።

«እግዜር ይጠብቅልዎ» አሉ ግራዝማች።

«ሁለት ላሞች አሉኝ!»

«እነሱንም።»

እንዲህ ሆኖ አለቃ ከእንሰቱ ጓሮ ያለችው ጎጆ ተሰጠቻቸው፤ አብሯቸው የታሰረው አንድ የብራና የጸሎት መጽሐፍ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ሳህሊቱ ንፍሮ ይዛላቸው ሄደችና ከፊታቸው ተንበረከከች።

«የኔታ፣ ፊደል ያስቆጥሩኝ።»

አለቃ ንፍሮው አነቃቸው። «ምን? ሴት ልጅ ፊደል ከቆጠረች ለጎረምሳ ደብዳቤ ትጽፋለች ሲባል አልሰማሽም?»

«መጻፉ ይቅርብኝ። ማንበብ ብቻ።»

አለቃ አሰቡበት። ማንበብ ሌላ መጻፍ ሌላ ነው፤ እሳቸውም ሲማሩ እንዲያ ነው የተማሩት። ደግሞ ከላሞቻቸው ጋር እንኳ ማውራት ያልቻሉ ሰው ናቸው፤ ሥራ መፍታቱ ሊገድላቸው ነው። «ባቄላው ላይ ዘይት ጠብ የምታደርጊ ከሆነ» አሉ።

ለምን ማንበብ አማራት? ነውር የለውም፣ ልንገራችሁ። ለበዴሳው ባላምባራስ ደገፉ ልጅ ለአድነው ታጭታለች፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ በዳግማይ ትንሣኤ ነው። አድነውን ያየችው አንድ ጊዜ፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከሩቅ ነው። ዐይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ ወይዘሮ አዛለች በየማኅበሩ «የአማቼ ዐይን የአጋዘን ነው» ሲሉ ሰው ሰልችቶት ነበር። ሳህሊቱን የያዛት ግን ዐይኑ አይደለም። አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ተቀምጦ ተምሮ መጥቷል፤ አክስቷን አግኝቶ ጠየቃት፤ ጥሎሽ አይደለም፣ መልኳንም አይደለም። «ማንበብ ትችላለች?» ብሎ ነው የጠየቀው። አትችልም ሲባል፣ «ግድ የለም፣ አብረን እናነባለን» አለ። በቃ፣ በዚያች ቃል ወደደችው። ከተወለደች ጀምሮ ይችን ልጅ ምን ትችያለሽ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረማ!

እንዲህ ተጀመረ። በስንደዶ እያመለከቱ ሀ ሁ ሂ ሲሉ ዋሉ። በስምንት ቀን ፊደል አለቀ፤ በዐሥራ አምስት ቀን አቡጊዳ ወጣች፤ ከዚያ ብራናው ተገለጠላት። ሌት በሕልሟ ትቆጥራለች፣ ቀን ከእንሰቱ ጓሮ ትጮኻለች። መጮኽ ግድ ነው፤ በአለቃ ቤት አፍን ገጥሞ ማንበብ የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዷን ፊደል በጣት ነክቶ፣ ስሟን በድምፅ ጠርቶ፣ ከዚያ አጋጥሞ ቃሉን ማውጣት ነው።

«ድምፅ ያልወጣው ንባብ ያልተፈጨ እህል ነው፤ ለማንም አይበጅ» ይላሉ አለቃ።

መጽሐፉ በግዕዝ ነው። አንድም ቃል አይገባትም። «ትርጉሙስ የኔታ?» ስትላቸው፣ «ትርጉም ለአንቺ አይደለም። ትርጉም ሰባት ዓመት ይፈጃል» አሉና ዘጓት። እሷም ንባብ ማለት እንዲያ መሰላት፤ ከአፍ ይወጣል፣ ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ምድር ላይ የሚሰማው የለም። አባቷ ድምፁን ከሩቅ ሲሰሙ ልጄ ጸሎት ታጠናለች ብለው ደስ ይላቸው ነበር። ለወር ያህል ያ ጓሮ ለእሷ ከአጥሩ ውጭ ነበረ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ጩማ እንመለስ።

ጩማ ከእሾሁ ማዶ ቆሞ ያለከልካል። ግራዝማች ባሉበት ሆነው፣ «ከማን ተቀበልህ?» አሉት።

«ባላምባራስ ሰው ልኮ። ወንዝ ለወንዝ ነው የተያየነው፤ እሱ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፣ ሄደ፣ እኔ አነሣሁ።» ጩማ አማርኛን እንደ መጣለት ነው የሚናገረው። «መልስ ይፈልጋል ጌታው። እስከ ነገ ቀትር ወንዙ ጋ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ይሄዳል።»

ወረቀቱ በረጅም እንጨት ተወስዶ በወይራ ጭስ ላይ ሲገላበጥ ቆየ። ማኅተሙን ግራዝማች አወቁት፤ የባላምባራስ ደገፉ ነው። ግን ማን ያንብበው? ግራዝማች ፊደል አያውቁም፤ እስከዚያን ቀን የመጣላቸውን ሁሉ ያነበቡላቸው አለቃ ናቸው። አለቃ ደግሞ ከትናንት ማታ ጀምሮ ትኩሳት ይዟቸው ጎጆዋ ውስጥ ተኝተዋል። እሳቸው የባቄላ ነፋስ ነው ይላሉ፤ ግራዝማች ግን የጎጆዋን በር በገመድ አሳስረዋል።

«ወረቀቱ እሳቸው እጅ ከገባ አይመለስም» አሉ ግራዝማች። «ወደ ከተማ ጸሐፊ ብልከውም በሽታ ለብሶ ይመጣል። ምን ዓይነት ጣጣ ነው?»

ሳህሊቱ አሰበችው። ነገ ቀትር! ይህ ወረቀት የእሷ ነገር ነው፤ ማንም ካላነበበው መልስ አይሄድም፤ መልስ ካልሄደ ደግሞ በዴሳዎች ንቀውናል ብለው ይቀራሉ። ጅራፍም ካለ ይምጣ አለች በልቧ።

«እኔ አነበዋለሁ» አለች።

የእናቷ እንዝርት መሬት ወደቀ። ከታሰረችው ጎጆ ውስጥ ሲያስሉ የነበሩት አለቃ ድንገት ማሳል አቆሙ።

«ምን አልሽ?» አሉ ግራዝማች።

«ማንበብ እችላለሁ አባባ።»

«ያ ጸሎት… ያ ሁሉ ጩኸት…» ወደ ጎጆዋ ዞሩ፤ «አለቃ!» ብለው አገሡ። ቁጣቸው ፊታቸው ላይ ወጣ፤ ወረቀቱን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ቁጣው ጉጉቱን አልቻለውም። «ነይ። እዚህ ተቀመጪ። ጣትሽን አስቀምጠሽ ታነቢያለሽ። እኔ ባላውቅ ዐይን አለኝ፤ አንዲት ፊደል ዘለሽ ብታልፊ ወዮልሽ።»

ተቀመጠች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። መስመሮቹ ወደ ታች ዘንበል ዘንበል ብለዋል፤ ቸኩሎ የጻፈ ሰው ይመስላል። ጣቷን መጀመሪያዋ ፊደል ላይ አኖረች።

«ይ፤ ድ፤ ረ፤ ስ። ይድረስ!» አለች። ጉድ! ቃሉ ትርጉሙን ይዞ ከአፏ ወጣ። አማርኛ ነዋ! ወር ሙሉ ያላየችው ነገር ነው፤ ሳቋ መጣ። «ለ፤ ክ፤ ቡ፤ ር። ለክቡር። ግራዝማች ጉልላት። እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።»

«አሜን» አሉ ግራዝማች ሳያስቡት። ደስ ብሏቸዋል እኮ፤ ጢማቸውን ዳበሱ። ወይዘሮ አዛለችም ተጠግተው ተቀመጡ።

«ል፤ ጄ። ልጄ። አ፤ ድ፤ ነ፤ ው። ልጄ አድነው።» ጉንጯ ጋለ። «በ፤ ፈ፤ ን…»

ቆመች። ጣቷ ቀጣዩ ፊደል ላይ ደርሷል። አፏን ገጥማ ወደፊት አይታ ቢሆን፣ ይህን ሳትናገር ውጣው ሌላ ነገር ባበጀች ነበር። ግን አላስተማሯትም! ከጣቷ ቀድማ ማየት አታውቅም። ደግሞ የአባቷ ዐይን ጣቷ ላይ ተተክሏል፤ ጣቷ ሲቆም ነገር እንዳለ አውቀዋል።

«ቀጥዪ» አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል።

«ጣ፤ ጣ። በፈንጣጣ።» ግራዝማች አማተቡ። «ታ፤ ሞ። ታሞ ነበር። ነፍሱ ተርፋለች። ፊቱ ግን ጠባሳ ሆኗል። ግ፤ ራ። ግራ። ዐ፤ ይ፤ ኑ፤ ም። ግራ ዐይኑም ጠ፤ ፍ፤ ቷ፤ ል። ጠፍቷል።»

«ወይኔ ዐይኑ!» አሉ ወይዘሮ አዛለች፤ ደረታቸውን መቱ። «እንዴት ያለ ዐይን! ማን አሟረተብኝ?»

ሳህሊቱ አላለቀሰችም። እየቆጠሩ ማልቀስ አይቻልም። ጣቷ ወደፊት ሄደ። «ይህን ሳላሳውቅ ልጅዎን ብቀበል ግፍ ይሆንብኛል። ከወደዱ ሠርጉ በተባባልነው በዳግማይ ትንሣኤ ይሁን። ካልወደዱ ግን ቂም የለም፤ በወዳጅነታችን እንኖራለን። ባላምባራስ ደገፉ።» ከሥር አንዲት ትንሽ መስመር ቀርታለች። «ጸ፤ ሐ፤ ፊ። ጸሐፊ። አ፤ ድ…»

ጣቷ ቆመ። ጸሐፊ አድነው! የገዛ ፊቱን፣ የገዛ ዐይኑን ነገር አባቱ እየነገሩት በገዛ እጁ ጽፎታል። ለዚያ ነው መስመሩ ያዘነበለው። መደበቅ ይችል ነበር፤ ብዕሩ በእጁ ነበር። አንዲት ፊደል አልደበቀም።

«በቃ» አሉ ግራዝማች። «ተዪው። ነገሩ ቀርቷል።»

«አባባ፣ ድኗል እኮ! ከእንግዲህ አይዘውም፤ ጩማን አያዩትም?»

«በሽታው ቤታቸው ገብቷል!» ብለው ጮኹ፤ ወዲያው ድምፃቸው ወረደ። «አራት ወንድሞቼን በአንድ ጉድጓድ ነው የቀበሩት፤ ታውቂያለሽ? ወር ሙሉ በዚህ ውጅግራ ሥር የጠበቅሁሽ እዚያ ቤት ልወረውርሽ ነው? አንቺ ብቻ ነሽ ያለሽኝ። አላደርገውም። ዐይነ ስውርም ልጄን አያገባም።»

«አንድ ዐይን አለው።»

«ዝም በይ! መልሱን ጻፊ።»

«መጻፍ አላውቅም አባባ። ማንበብ ብቻ ነው።»

ግራዝማች ሰማይ ሰማይ አዩ። «እንዲህ ያለ ትምህርት!» አሉ። ከዚያ ወደ እሾሁ ጮኹ። «ጩማ! ለሰውዬው እንዲህ በለው። ግራዝማች የእግዜር ምሕረት ለልጅዎ ይሁን ብለዋል፤ የልጆቹ ነገር ግን ይቅር፤ ሠርጉን ትተነዋል፣ ብለዋል። ሰማህ?»

ጩማ ጭንቅላቱን አከከ። «የጌታው አማርኛ ከባድ ነው። እኔ ትንሽ ነው የምሰማ።» ውሸቱን ነው! ጩማ አማርኛ የሚጠፋው ክፉ ነገር ላድርስ ሲባል ነው፤ ለክፉ መልእክት በትር ቀማሹ መልእክተኛ መሆኑን ያውቃላ።

ግራዝማች ደግሞ አርባ ዓመት ወላይታ ምድር ኖረው «ውኃ» እና «ና» ከማለት በቀር የአገሩን ቋንቋ አልተማሩም፤ ከክብራቸው በታች ነው። ልጃቸው ግን በወላይታ ሞግዚት እጅ ነው ያደገችው። «ሳህሊቱ፣ በቋንቋው አስረጂው» አሉ። «ቃል በቃል። የጉልላት ቃል ከዚህ አጥር ከወጣ አይመለስም፤ አበላሽተሽ እንዳትነግሪው።»

አይመለስም! ልጅቷ ይህን ሰማች። አባቷን ታውቃቸዋለች፤ በስማቸው የተላከ ቃል ወንዙን ከተሻገረ፣ ሽማግሌ ደጃፋቸው ከቆመ፣ አንገታቸው ቢቆረጥ እኔ አላልሁም አይሉም። ወደ እሾሁ ተጠጋች። አፏ ነጻ ነው፤ ጣቷን የሚከተል የለም።

«ሳሮ ጩማ» ብላ በወላይትኛ ሰላም አለችው። «ለሰውዬው እንዲህ በለው። ግራዝማች የእግዜር ምሕረት ለልጅዎ ይሁን ብለዋል። ቀኑ አይለወጥም። በዳግማይ ትንሣኤ ይምጡ፣ ብለዋል።»

ጩማ በዚያ ወንፊት ፊቱ ትክ ብሎ አያት።

«ጌታው እንደሱ አላሉም» አላት በዚያው በቋንቋው።

«አውቃለሁ።»

«በኋላ ጀርባዬን ሲያስገርፉትስ?»

«አንተ አማርኛ አይገባህም። የነገርኩህ እኔ ነኝ፤ ጅራፉም የእኔ ነው። እንደ እኅትህ ቁጠረኝ ጩማ፤ እዚህ ቀርቼ እሞታለሁ።»

ጩማ እንደ መልእክተኛ ወግ ቃሉን ሳያጎድል ደገመው። ቀኑ አይለወጥም፣ በዳግማይ ትንሣኤ ይምጡ።

«ምን አለ?» አሉ ግራዝማች።

«መልእክቱን ደገመው አባባ።»

ግራዝማች ዐይናቸውን አጠበቡ። ሞኝ አይደሉም። ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አዛለች፣ አንቺ ከገበያተኛው ጋር ስትከራከሪ ትውያለሽ፤ ቋንቋውን ትሰሚያለሽ። እንዳልሁት ነው የነገረችው?»

ሳህሊቱ እናቷን ረስታ ነበር! ወይዘሮ አዛለች እያንዳንዷን ቃል ሰምተዋል። ያን ዐይን ሲኩራሩበት የከረሙ፣ አሁን ደረታቸውን የመቱ ሴት ናቸው። ደግሞ በሃያ ዓመት ትዳር ባላቸውን ዋሽተው አያውቁም። ልጃቸውን አዩ፤ ወረቀቱን አዩ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እንዳሉት ነው ግራዝማች» አሉ። «አንድም አላጎደለች።»

ጩማ ዞሮ ዳገቱን ቁልቁል ሮጠ። እንሰቱ እስኪከልለው ድረስ ሳህሊቱ ቆማ አየችው። ግራዝማች ከመደቡ ተነሡ፤ «አለቃን ልክ አስገባቸዋለሁ» እያሉ፣ ውጅግራቸውን ተመርኩዘው፣ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ አዳራሹ ገቡ።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«እማዬ…»

«ዝም በይ። ሁለታችንንም ያርዱናል።» ወይዘሮ አዛለች ከመሬት የወደቀውን እንዝርት ይፈልጉ ጀመር። ቆይተው፣ «ያን ሁሉ ጉዱን በገዛ እጁ ነው የጻፈው ያልሽው?» አሉ።

«በገዛ እጁ።»

«አባትሽ ሲያጩኝ እግራቸው አንካሳ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም» አሉ ወይዘሮ አዛለች። «ያየሁት ሠርጉ ዕለት ከበቅሎ ሲወርዱ ነው።»